የአደባባይ ቃልና የገበያ ወሬ

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ከተራ ወደ ተራ ተላልፎ የመርካቶን ብዙ ሱቆች ባዘጋ ጊዜ፥ የከተማው ገቢዎች ቢሮ ቁጥጥሩ የደረሰኝ እንጂ የውርስ አይደለም ብሎ ቢያስተባብልም፥ ነጋዴው ከማስተባበያው ይልቅ የጎረቤቱን ሹክሹክታ ማመኑ፥ ሐሰት ሥር የሚሰደው ባለሥልጣን አስቀድሞ ባጎደለው አመኔታ ላይ መሆኑን ያስረዳል።

ጉድለቱ የቆየ ነው። በቀደመው ዘመን የመንግሥት ቃል በአራዳ ገበያ በነጋሪት ሲነገር፥ ሰሚው ይታዘዛል እንጂ አይጠይቅም ነበር፤ ወንጀለኛ ሲፈለግ ግን የአገሩ ምልዐተ ሕዝብ በአውጫጭኝ ተሰብስቦ፥ ስምዐ ሐሰትን እየፈራ፥ የሚያውቀውን በመሐላ ስለሚናገር፥ እውነትን የማበጠር ልማድ ከቶ አልነበረም አይባልም።

ሐሰት የሌለውን ሳይፈጥር እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ የ1967ቱ የዘመን መለወጫ ምሽት ምስክር ነው። የንጉሡ መንግሥት የወሎን ረኃብ ሸሽጎ ከቆየ በኋላ፥ ደርግ መስከረም 1 ቀን ማታ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፥ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። ረኃቡ እውነት፥ ድግሱም እውነት ነበር፤ ሁለቱን ያጋጠመው እጅ ግን ፍርዱን ቀድሞ ጽፎት ነበር።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጣ በአዟሪ እጅ መርካቶ ዘለቀ፤ ቃል በዛ፥ ማረጋገጫው ግን ሳሳ። ፈላስፋዋ ሐና አሬንት ሰዎች በአስተያየት ቢለያዩ የሚያምርባቸው በሆነው ነገር ሲስማሙ ነው የምትለው ሐተታ፥ ለ1997ቱ ምርጫ የተጻፈ ይመስላል፤ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ጠቅልሎ ቢወስድም፥ የአገሪቱ ቆጠራ ሳያልቅ ገዢውም ተቃዋሚውም አሸነፍን ስላሉ ሕዝቡ በሁለት ድል መካከል ቀረ። በዚሁ ውዝግብ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት፥ መርካቶን ጨምሮ በፈሰሰው ደም፥ ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መዘገበ። የሞባይል አጭር መልእክትም ለሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ፤ መልእክት የተከለከለ ከተማ ግን፥ እንደ እኔ ግምት፥ ከወሬ አይጾምም።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰትን የሚያሠራጭ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር፥ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ዐሳቡ ቅን ነው፤ የሚያስቀጣው ግን የተነገረው ሐሰት እንጂ የተሸሸገው እውነት አይደለም። ለተሸሸገው እውነት፥ መረጃ የማግኘትን መብት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነበረ፤ ይህን ጠቅሶ ቢሮ ለቢሮ የሚጠይቅ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ነጋዴ ግን ማግኘት ይቸግራል፥ ክፉ ወሬ ሲሰማ አስቀድሞ የሚደውለው ለደላላው ነውና።