በድግስና በስብሰባ ዝግጅት ሙያ የተግባር ልምምድ ስለ መፈለግና ስለ ማመልከት

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው አንድ የኮሌጅ ተማሪ በአዲስ አበባ ከተማ በድግስ፣ በስብሰባና በኤግዚቢሽን ዝግጅት ሥራ የተግባር ልምምድ ለማግኘት ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ሙያው ዛሬ በሰው አፍ «ኤቨንት»፣ በጽሑፍ ደግሞ «የሁነት ዝግጅት» ይባላል። እኛ ሦስት ተማሪዎች ባለፈው ዓመት ይህንኑ ልምምድ ፍለጋ ከበር ወደ በር ስንዞር ከርመን፣ ሁለታችን አገኘን፤ ሦስተኛው ባልንጀራችን ግን አግኝቶ አጣ። እንዴት አግኝቶ እንዳጣ ወደ ኋላ እንናገራለን፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ሙያው ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ይበላ በነበረበት ዘመን እንግዳውን በየማዕርጉ የሚያስገባው አጋፋሪ፣ መጠጡን የሚያድለው ጠጅ አሳላፊ፣ በወጥ ቤትና በእንጀራ ቤት የሚደክመውም ሰው ሁሉ የታወቀ ሥራና የታወቀ አለቃ ነበረው። ዛሬ ፕሮቶኮልና ኬተሪንግ የምንለው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የተለወጠው የእንግዳው ዓይነት ነው። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱ ወዲህ አዲስ አበባ የስብሰባ ከተማ ሆናለች። የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ማዕከል ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በጳጉሜን ወርም ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ በከተማችን ተደረገ። እንግዲህ ሥራው ሞልቶ ሳለ ተማሪው ልምምድ የሚያጣው ስለ ምንድን ነው?

እኛ የደረስንበት ዋና ምክንያት የጊዜ አለመገጣጠም ነው። ኮሌጁ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ድግስም የራሱ አለው፤ ሁለቱም አይተዋወቁም። ተማሪው ፈተናውን ጨርሶ፣ የትብብር ደብዳቤውን አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ወደ ድርጅቶች የሚሄደው በሰኔ መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ አዘጋጆቹ በየዩኒቨርሲቲው የምረቃ በዓል ተወጥረው ስለሚውሉ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የለም። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል፤ በክረምት ሠርግ እምብዛም ነው፤ ነሐሴም በፍልሰታ ጾም ይጀምራል። ስለዚህ ተማሪው ሥራው በዝቶ ሰው ሊያናግረው በማይችልበት ቀን አመልክቶ፣ የሚያስተምረው ሥራ በሌለበት ወር ልምምዱን ይጀምራል። አንዲት የድግስ ድርጅት ባለቤት ደብዳቤያችንን ተቀብለው ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ እናንተ ሁልጊዜ የምትደርሱት ድንኳን ሲነቀል ነው» አሉን። በወቅቱ ቅር ቢለንም ቃላቸው እውነት ነበር።

የሥራውን ዓመት በዝርዝር ብንመለከት የሚከተለውን እናገኛለን። በኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አለ፤ ይህ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በጎ ፈቃደኞችን የሚያሳትፍ ስለ ሆነ ለጀማሪ የመጀመሪያ በር ሊሆን ይችላል። ከገና በፊት ባዛር አለ። ከጥምቀት በኋላ ጥር የሠርግ ወር ነው፤ በየካቲት አካባቢ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ይደረጋል፤ ሆቴሎችም በእንግዳ ይሞላሉ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። በእነዚህ 55 ቀኖች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ሠርግ አይደግሱም፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ግን ሠርጉ እንደ ጎርፍ ይመጣል። በሙስሊሞች ዘንድም በረመዳን ሠርግ ብዙ ጊዜ አይደረግም፤ ይህ ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ በየዓመቱ መቁጠር ያስፈልጋል።

ከዚህ የምንረዳው ለማመልከት የተሻለው ጊዜ ዐቢይ ጾም መሆኑን ነው። በሠርግ የሚተዳደሩ አዘጋጆች በጾሙ ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጽሕፈት ቤታቸው ውስጥ ይገኛሉ። ለፋሲካ ማግስት የተያዘውን ሠርግ ዋጋ ይተምናሉ፣ ዲኮር ያስጠግናሉ፣ ስንት ሰው እንደሚጎድላቸውም ያሰላሉ። እኛ ሁለታችን ልምምዱን ያገኘነው የቅዳሜና የእሑድ ሠርግ ላይ ለመሥራት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ስላመለከትን ነው። ልምምዱን በክረምት እንዲያደርግ ኮሌጁ ያዘዘው ተማሪ ግን ከሠርግ ቤት ይልቅ የሆቴሎችን የስብሰባና የግብዣ ክፍል፣ ወይም ለአዲስ ዓመት ባዛርና ኤግዚቢሽን የሚያሰናዱትን ድርጅቶች ቢመርጥ ይሻለዋል፤ እነርሱ በነሐሴ ሥራ አያጡምና።

ድርጅቶቹን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ወሳኙን ሰው ማግኘት ነው። የድርጅቱ ስም በባነሩ ግርጌ፣ በመግቢያ ካርዱ ጀርባ፣ ወንበርና ድንኳን በጫነው መኪና ጎን፣ በቴሌግራምም ገጾች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ተማሪ በዝግጅቱ ቀን በፊት ለፊት በር ሄዶ ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር ይሞክራል። በዚያ ቀን እንኳን ተማሪ፣ ሙሽራውም ቢሆን ሥራ አስኪያጁን አያገኝም። እኛ የሞከርነው በዋዜማው፣ ዕቃ በሚራገፍበት ሰዓት፣ በጓሮ በር መሄድ ነበር። እዚያ የድምፅ ማጉያ የሚተክለውን፣ አበባ የሚያስረውን፣ መብራት የሚዘረጋውን ባለሙያ በአንድ ላይ ታያላችሁ፤ ሁሉም የየራሱ ድርጅት ሰው መሆኑንም ትረዳላችሁ። አንድ ጠረጴዛ ስንሸከም ያየን የመብራት ባለሙያ የማንን ቢሮ፣ በስንት ሰዓት ማንኳኳት እንዳለብን ነግሮናል።

ወደ ማመልከቻው እንምጣ። በእጅ መያዝ ያለበት የኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ቅጂና ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የራስ ማመልከቻ ነው። የኮሌጁ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ከሚጻፍ የድርጅቱን ስም ጠቅሶ ቢጻፍ፣ ልምምዱም ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደ ሆነ ቢገልጽ ይመረጣል፤ ለሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም።

የራስ ማመልከቻ ላይ ግን አብዛኞቻችን እንሳሳታለን። የጻፍናቸውን የመጀመሪያ ማመልከቻዎች መልሰን ስናነብ ሦስቱም «ታታሪ፣ ቀልጣፋና በቡድን መሥራት የምወድ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረባቸው፤ የሥራ ልምድ በሚለው ቦታም «የለኝም» ብለናል። ይህ ውሸት ነበር። ከመካከላችን አንዱ በሰፈሩ እድር የዕቃ ጸሐፊውን ለሁለት ዓመት የረዳ ሰው ነው። ሌላው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ የወላጆች ቀን በተከበረ ቁጥር ወንበር የሚደረድረው፣ የክብር እንግዶችን ስም በካርቶን ላይ የሚጽፈው፣ መዝሙሩና ንግግሩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዞ የሚቆጥረው እርሱ ነበር። በኋላ የመጀመሪያው ባልንጀራችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«በሰፈራችን እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ ወደ ሐዘን ቤት ሲወጣ እየቆጠርሁ መዝግቤአለሁ፤ ሲመለስም የጎደለውን ለይቼ አስታውቄአለሁ። ለቅሶ ቀን ስለማይሰጥ ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፈጽመናል።»

ይህ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት መልስ አስገኘለት። ምክንያቱን በኋላ ሥራውን ስናየው ተረዳነው፤ አዘጋጁን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ ሌሊት ዕቃ ሲሰበሰብ የሚጠፋው ብርጭቆ፣ የወንበር ልብስና የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ቆጥሮ አውጥቶ ቆጥሮ የሚያስገባ ሰው ይፈልጋል። እድር ይህን ለአባላቱ ልጆች ያለ ዲፕሎማ ያስተምራል፤ እኛ ግን እንደ ትምህርት አልቆጠርነውም ነበር።

አሁን ስለ ሦስተኛው ባልንጀራችን እንናገር። በሚያዝያ ወር ከአንድ ድርጅት፣ ስሙን አንጠቅስም፣ በቃል ብቻ «ነገ ና» ተብሎ ገባ። ደስታው ደብዳቤ ማስጻፉን አስረሳው። 19 ቀን ሠራ፤ ከእነዚህም አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ሲያለብስና ሲያራግፍ አሳለፈ። የዕቅድ ወረቀት አላየም፣ ከደንበኛ ጋር በሚደረግ ንግግርም አልተቀመጠም። በመጨረሻ የኮሌጁን የምዘና ቅጽ ይዞ ሲሄድ የተቀበለው ሰው ሥራ ለቅቆ ነበር። በቦታው የተተኩትም «እኛ የምናውቅህ እንደ ቀን ሠራተኛ እንጂ እንደ ተለማማጅ አይደለም» አሉት። የቀን ሠራተኛ ነው እንዳይባል ደግሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አልተከፈለውም። ኮሌጁ ያልተፈረመ ቅጽ ሊቀበል ስለማይችል ልምምዱን ዘንድሮ እንደገና ማድረግ ግድ ሆነበት፤ ምረቃውም በዚሁ ምክንያት ተላለፈ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ ልምምድ ውል በሚናገርበት ክፍል፣ ውሉ ቢያንስ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መግለጽ እንዳለበት ይደነግጋል። ኮሌጅ የላከው ተማሪ በዚህ ክፍል ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን እንተወዋለን። በእኛ አስተያየት ግን እነዚህን ነገሮች በአንድ ወረቀት አስፍሮ ሁለቱ ወገኖች እንዲፈርሙበት መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ገንዘቡ ደመወዝ ባይሆን እንኳ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ። ሥራውም በደፈናው «ልዩ ልዩ ሥራ» ከሚባል፣ ተማሪው በአንድ ዝግጅት ላይ ከዕቅዱ ጀምሮ እስከ ሂሳቡ መዝጊያ እንዲገኝ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። እኛ ሁለታችን ይህን ስንጠይቅ አንደኛው አሠሪ ሳቀ፤ ግን ፈረመ።

ስለ ሥራው ሁኔታ ሳናነሣ የማናልፈው ነገር የማታው መመለሻ ነው። ሠርግ አልቆ፣ ዲኮሩ ተነቅሎ፣ ዕቃው መኪና ላይ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም፤ ቢኖርም ዋጋው የተማሪ አይደለም። ከእኛ ጋር ትሠራ የነበረች አንዲት እኅታችን የድርጅቱ መኪና ቤቷ እስኪያደርሳት ድረስ ከዕቃ ጋር እንድትቀመጥ ተደርጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አባቷ ሥራውን ከለከሏት። መኪናው በመጀመሪያ ሰው፣ በኋላ ዕቃ እንዲያደርስ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ክልከላው ባልመጣ ነበር ብለን እናምናለን። ለመምህራኖቻችንም አንድ ልመና አለን፤ የትብብር ደብዳቤው በሰኔ ሳይሆን በዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲሰጥ ቢፈቀድ የሚጠይቀው ያንኑ አንድ ማኅተም ነው።

ባልንጀራችን ዘንድሮ የግል ማመልከቻውን በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ለአራት ድርጅቶች አድርሷል። ሦስቱ አልመለሱለትም። አራተኛው፣ አንድ የሆቴል ግብዣ ክፍል፣ ወረቀቱን ፈርሞለታል፤ ሥራውንም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል።