የመሪነት ትምህርትና የጉብሬ መንገድ

ከወልቂጤ ተነሥቶ የሆሳዕናን መንገድ የያዘ ተጓዥ ብዙም ሳይርቅ ጉብሬን ያገኛታል። ጉብሬ ዛሬ ከወልቂጤ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዷ ናት፤ ስሟ በሩቅ አገር ሰው ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በዚያ በመሠራቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ሥልጠና አይጠፋም። ከሥልጠናውም ሁሉ በዘመናችን እጅግ የተስፋፋው የመሪነት ትምህርት የሚባለው ሲሆን፣ በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር ሠልጣኙ ትምህርቱን ሲፈጽም ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም አንድ ሥራ እንዲጀምር መጠየቁ የተለመደ ሆኗል።

ልማዱ ደግ ነው። ችግኝ ይተከላል፤ የአረጋውያን ቤት ይጠገናል፤ ለድኻ ልጆች ደብተርና እርሳስ ይሰበሰባል። ዳሩ ግን አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ሠልጣኙ ሻንጣውን አንሥቶ አውቶቡስ በተሳፈረ ማግሥት ብዙው ሥራ ባለቤት አልባ ይሆናል። ችግኙን በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? የተጠገነው ጣሪያ ዳግመኛ ሲያፈስ የሚጠየቀውስ?

የጉራጌ አገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ለትውልድ አገራቸው የመኪና መንገድ ለማውጣት የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱን በሊቀ መንበርነት ከመሩት ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ናቸው። በማኅበሩ ሹማምንትም፣ የመርካቶ ነጋዴዎችም፣ የቀን ሠራተኞችም ነበሩበት። ከሁሉ የሚልቀው ግን መዋጮው ከከተማ ሰው ኪስ ብቻ አለመውጣቱ ነው፤ በአገር ቤት ያለው ገበሬም ከፍሏል። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው መንገዱን «የእኛ» ይለዋል እንጂ «የእነርሱ» አይለውም። በቡታጅራ በኩልም በዚያው ዘመን የዓለም ገና–ወላሞ የመንገድ ሥራ ማኅበር በተመሳሳይ መንገድ ተነሥቷል፤ ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉት ምሁር በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ጽሑፋቸውን ያዘጋጁት ስለዚሁ ማኅበር ነበር።

እነዚያ ሰዎች የመሪነት የምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። ከመካከላቸው የመንግሥት ሥራና የጦር ሠራዊት ያሠለጠናቸው ቢኖሩም፣ ለአብዛኛው ትምህርት ቤቱ እድርና እቁብ ነበር። በእቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ተቀብሎ አይሄድም። ዳኛው የሚመረጠው በአንደበተ ርቱዕነቱ ሳይሆን ሰው ስለሚያምነው ነው፤ ጸሐፊውም መዝገቡን ሲጠየቅ ያሳያል። እንደኔ አስተያየት የሠልጣኞቻችን ሥራ የሚጎድለው ይኸው ዋስ ነው። ዕቅድ አለው፤ በጀትና ፎቶግራፍ አለው፤ ጀማሪው ሲሄድ በእግሩ የሚተካ ተጠያቂ ግን የለውም።

የጉራጌ አገር ከመኪና መንገድም በፊት የራሱ መንገድ ነበረው። ጀፎረ ይባላል። በሣር የተሸፈነ ሰፊ አደባባይ መሳይ መንገድ ሲሆን፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይሠራሉ። ሠርግና ለቅሶ ይደረግበታል፤ ከብት ያልፍበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ስፋቱ በሽማግሌዎች የሚለካና በባሕል ሕግ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ይጠየቃል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሕግ፣ የጆካ ቂጫ የሚባለው፣ በመዝገብ ቤት ሳይሆን በሸንጎ የኖረ ነው። እንግዲህ ለኅብረተሰብ አገልግሎት ወደዚህ አገር የሚመጣ ወጣት «ኅብረተሰቡን አደራጃለሁ» ብሎ ከመነሣቱ በፊት ቀድሞ የተደራጀ ሕዝብ እንደሚጠብቀው ቢያውቅ ይበጀዋል።

የተማረውን ወጣት ወደ ገጠር መላክ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ሳይቀበል አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ የሚበዙትም በአስተማሪነት ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር አሠማርቷል። ሰላም ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ተመራቂዎችን በየዩኒቨርሲቲው አሠልጥኖ ከትውልድ ቦታቸው ውጭ ልኳል። ከሦስቱ ለአስተማሪነት የሄደው ሥራው የቀለለለት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ከእርሱ በፊት ነበር፣ ከእርሱም በኋላ ይቀጥላል።

ከውጭ የመጣ ዕውቀት ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ለዚህም እንሰትን መመልከት ይበቃል። አሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ሻክ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባሕል ሕዝብ ብለው ነበር የሰየሙት። ቆጮው፣ ቡላውና አሚቾው ከዚህ ተክል ይገኛሉ። ይህን ተክል ደግሞ የአጠውላጊ በሽታ ያጠቃዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፣ ሲቆረጥም ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒት የለውም። መከላከያው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የቆረጡበትንም ቢላዋ በእሳት ለብልቦ ማጽዳት ነው። ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ አንድ ወጣት በሁለት ቀን ያስረዳዋል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ገበሬ የታመመ እንሰቱን ነቅሎ ቢቀብርና ጎረቤቱ ቢተወው፣ በሽታው በተዋሱት ቢላዋና ጓሮ ለጓሮ በሚዞረው ከብት ተመልሶ ይመጣል። ለዓመታት የተንከባከቡትን ተክል ነቅሎ መቅበር ደግሞ የወደፊት ቀለብን መቅበር ነውና፣ «ጎረቤትህም ያደርገዋል» የሚል ማረጋገጫ ሳያገኝ የሚደፍረው ጥቂት ነው። ይህን ማረጋገጫ ሠልጣኙ ሊሰጥ አይችልም፤ እድሩ ግን ይችላል። እድሩ «የታመመ እንሰት ያልነቀለ ይቀጣል፣ የነቀለውን ሰው ደግሞ እንረዳለን» ብሎ ከወሰነ፣ ወጣቱ ቢሄድም ውሳኔው በመዝገቡ ላይ ይቀራል።

ከጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በዙሪያው ባሉት መንደሮች እንዲህ ያለ ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ወጣት ካለ አንድ ነገር ይጨምርበት። እንሰትን የሚተክሉት ወንዶች ቢሆኑም ቆርጠው የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ቢላዋውም ያለው በእነርሱ እጅ ነው። ሸንጎው የወንዶች ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ቢላዋው ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ስብሰባው እሑድ ጠዋት በሽማግሌዎቹ ዘንድ ከተደረገ በኋላ፣ ሴቶቹ ለቅቤ እቁባቸው በሚገናኙበት ቀን እንደገና መደረግ ይኖርበታል።