ተርባይኑ ከውሃው ምን ይወስዳል?

«መብራት ያመነጨ ውሃ ጉልበቱ ስለተወሰደ ሰብል አያሳድግም።» ይህን የሰማሁት ሶዶ ውስጥ ማኪያቶ ይዤ በተቀመጥኩበት ነው። ተናጋሪው የተማረ ሰው ነው፤ ጭራሽ በኦሞ ላይ ያለውን የጊቤ 3 ግድብ ምስክር አድርጎ ጠራ። ማኪያቶው ቀዘቀዘብኝ።

ጄነሬተር ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ እዘለዋለሁ። እንበልና ከዳሞታ ተራራ ተዳፋት በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ ጠልፈን በቧንቧ 100 ሜትር ቁልቁል አወረድነው። (ሰው ሁሉንም «ግድብ» ይለዋል። እዚህ ውሃ የሚያጠራቅም ነገር የለም፤ የመስኖ ባለሙያዎች «ጠለፋ» የሚሉት ይሻላል።) የውሃው መጠን በከፍታውና በምድር ስበት ሲባዛ ኃይሉ 98 ኪሎዋት ይመጣል፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 70 ገደማ ይተርፋል። ሃያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ ያግላል፤ ሶዶን ግን አያበራም።

አሁን ወደምወደው ነገር። ቧንቧው ጫፉ ላይ ይጠብባል፤ ውሃው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈናጠራል። የአርባ ምንጭ መንገድ ሚኒባስ እንኳ አይደርስበትም። ፊት ለፊቱ ፔልተን የሚባለው መንኮራኩር አለ፤ ዙሪያውን ጽዋ የተደረደረበት። ጽዋው በ80 ይሸሻል፣ ውሃው በ160 ያሳድደዋል። ስለዚህ ጽዋው ላይ የሚያርፈው በ80 ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በጽዋው ጉድጓድ ዞሮ፣ በ80 ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን ጽዋው ራሱ በ80 ወደ ፊት እየሄደ አይደል? ከሚሮጥ መኪና ላይ በመኪናው ፍጥነት ልክ ወደ ኋላ የተወረወረ ብርቱካን ያለበት ዱብ እንደሚል፣ ውሃውም ሩጫውን አስረክቦ ዝም ብሎ ይወድቃል።

የተወሰደው ይህ ሩጫ ብቻ ነው። ውሃው በድንጋይ ላይ እየተላተመ ቢወርድ ኖሮ ያው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከ100 ሜትር የወደቀ ውሃ የሚሞቀው ሩብ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በቆሎ ለዚህች ሙቀት ደንታ የለውም።

ጊቤ 3 የተጠራው ለሐሰት ምስክርነት ነው። የግልገል ጊቤ 1ን ተርባይን ያለፈ ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ገብቶ፣ 500 ሜትር ያህል ወርዶ የጊቤ 2ን 420 ሜጋዋት ያመነጫል። ከዚያ ኦሞን ተቀላቅሎ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል የጊቤ 3ን ተርባይን ያዞራል። ሦስት ጊዜ «ጉልበቱ የተወሰደበት» ይህ ውሃ ታች በኩራዝ የስኳር ልማት ሸንኮራ አገዳ ያበቅላል።

ይህን ስል የሙያ ባልደረቦቼን ከደሙ ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። ግድብ ደለል ያስቀራል፤ የጎርፉንም ጊዜ ይለውጣል፣ የኦሞ ጎርፍ ሲሸሽ የሚያርሱ ገበሬዎች ቅሬታ እውነተኛ ነው። ግን ያ የማጠራቀም ጣጣ ነው፤ የተርባይን አይደለም። ትንሹ ጠለፋም ቢሆን ውሃው ከተጠለፈበት እስከሚመለስበት ድረስ ወንዙን ያከሳል፤ በጥር ጨርሶ ሊያደርቀው ይችላል። ለወንዙ ስንት ይተው በሚለው ባለሙያዎች አይስማሙም፤ እኔም ለሁሉም ወንዝ አንድ ዓይነት መቶኛ የሚቆርጠውን ቀመር አላምነውም።

ከመንደራችሁ በላይ ማመንጫ ሊሠሩ ሲመጡ፣ መሐንዲሱን በጥር ከጠለፋው በታች በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚለቅ ጠይቁት። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።