አማርኛው ለምን ተቆጣ?

ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ የልጁን የልደት መጥሪያ በስልክ እንድሠራለት ጠየቀኝ። «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ?» አለኝ። የሶፍትዌር መሐንዲስ የሆነ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ፕሪንተርም እንጠግናለን።

እንግሊዝኛውንና ዙሉውን በእጅ የተሣለ በሚመስል፣ ፊደሎቹ በሚዘልሉ ፎንት ጻፍኩት። አማረ። «እንኳን ተወለድሽ» ስል ግን ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ስልኩ በራሱ ሌላ ተካበት፤ ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚመስል። ልጅቷ አየችውና «አማርኛው ለምን ተቆጣ?» አለች።

ሳቅን እንጂ ነገሩ አያስቅም። እዚህ ተወልዳ ላደገች ልጅ ፊደል ማለት የግድግዳ ካላንደርና የአባቷ ፓስፖርት ነው። የሱቁ ሰሌዳ ላይ አንዲትም ፊደል የለችም፤ የ2008ቱን በውጭ ዜጎች ላይ የደረሰ ጥቃት የሚያስታውስ ሰው ደጁ ላይ «ሐበሻ ነኝ» ብሎ አይጽፍም። ውጭ የተደበቀ ፊደል ቤት ውስጥም ከተኮሳተረ ልጅቷ የት ትውደደው?

ቪንሰንት ኮናሬ በ1994 ለማይክሮሶፍት ኮሚክ ሳንስን የሠራው፣ የካርቱን ውሻ በደረቁ የታይምስ ፊደል ሲናገር አይቶ ስላልተዋጠለት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ ማንበቡን አቃለሉልን። መጫወቱ ግን ገና ነው።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ለእንግሊዝኛ ትንሹም ትልቁም ተደምሮ 52 ፊደል ይበቃል። ለኛ 33 በ7፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ነው። ሌላም ጣጣ አለ፦ በፊደላችን እግር ትርጉም አለው። «በ» ቀኝ እግሩ ሲረዝም «ባ»፣ ግራው ሲረዝም «ቦ» ነው። የላቲኑን ዝላይ እንዳለ ገልብጠን እግሮቹን ወዲያ ወዲህ ካስጨፈርናቸው «በቃ» ያልነው «ቦቃ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ጨዋታው ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፦ በመስመሩ ውፍረት፣ በአናቱ ዘመም ማለት፣ በቀለበቷ ኳስ መምሰል። ይህን ከውጭ ሰው መጠበቅ አይቻልም። ዲዛይን የምትማሩ ልጆች፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ካጣችሁ ይኸውላችሁ።

እኛ ለጊዜው ለልጅቷ ማርከር ሰጠናት። «እንኳን ተወለድሽ»ን ራሷ ጻፈችው፤ «ወ»ዋ ፊኛ ታክላለች። ፎቶ አንስቼ መጥሪያው ላይ አስገባሁት። አሁን በሱቁ ባዶ ካርቶኖች ላይ ፊደሉን በሙሉ እየጻፈች ነው፤ ስትጨርስ ፎንት አደርግላታለሁ። «ሸ» ላይ ደርሳለች። «በ» ጋ ስትደርስ አጠገቧ መቀመጤ አይቀርም።