የወረቀት ፋብሪካ ውሃና የሙጫ ጠንቅ

ወረቀት በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የማይታጣ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚያስበው በላዩ ስለሚጻፈው ቃል እንጂ ስለ አሠራሩ አይደለም። የወረቀቱ ሊጥ ወደ መኪናው የሽቦ ወንፊት በሚፈስበት ጊዜ ከ100 እጅ 99ኙ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ሲሆን፤ ቃጫው ከአንድ እጅ አይበልጥም። ስለዚህ የወረቀቱ መልካምነት በውሃው ጠባይ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ቀድሞ በአውሮፓ ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ነበር። በ1840ዎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ፍሪድሪክ ጎትሎብ ኬለር የተባለ የሳክሶኒ ሰው እንጨትን በድንጋይ እየፈጩ ወረቀት የመሥራትን ዘዴ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት በዛ፤ ዋጋውም ረከሰ። ነገር ግን ከእንጨቱ ጋራ ሙጫው አብሮ ገባ። እንደ ፓይን ያለውን ዛፍ ከተባይና ከብስባሴ የሚጠብቀው ይኸው ሙጫ፤ ለፋብሪካው ጠላት ሆነ።

ሙጫው በውሃው ውስጥ እጅግ ደቃቅ ነጠብጣብ ሆኖ ተበትኖ ይኖራል፤ ይህም ቅቤ በወተት ውስጥ ተሰውሮ እንደሚኖር ነው። ወተቱ ሲናጥ ቅቤው እንደሚሰበሰብ ሁሉ፤ የውሃው ሙቀት ወይም የኮምጣጣነቱ መጠን በድንገት ቢለወጥ፤ ወይም ውሃው በብርቱ ቢናወጥ፤ ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚህም በቀር በውሃው ያለው ካልሲየም ከሙጫው ቅባት ጋራ ተዋሕዶ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል። ይኸውም በጠጣር ውሃ የሚያጥብ ሰው በሳህኑ ዙሪያ ከሚያየው ዝቃጭ ጋራ አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ዝቃጭ በወንፊቱ፤ በሱፉ ጨርቅና በተሽከርካሪው ብረት ላይ ጥቂት በጥቂት ይለጠፋል። በኋላም ተገንጥሎ ሲወድቅ ወረቀቱን ያቆሽሻል ወይም ይበሳል። የዛሬው መኪና በደቂቃ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚሮጥ፤ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ወረቀቱን በጥሳ ሥራውን ሁሉ ታስቆማለች።

ያገለገለ ወረቀት መልሶ በሚሠራበት ዘንድ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለ። ይኸውም በፖስታ መያዣ፤ በተለጣፊ ምልክትና በመጽሐፍ ጥራዝ ላይ ያለው ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው በሙቀት ስለሚለሰልስ፤ ስፋቱ ከሚሊሜትር አሥረኛ እጅ እምብዛም በማይበልጥ የማጣሪያ ቀዳዳ እንኳ ተጨምቆ ያልፋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን በጎ ሥራ ራሱ ችግሩን ማባሱ ነው። ቀድሞ ፋብሪካዎች ያደፈውን ውሃ ወደ ወንዝ ይለቁ ነበር። አሁን ወንዝ እንዳይበከልና ውሃም እንዳይባክን፤ ያንኑ ውሃ ደጋግመው ያዞሩታል። በዚህ ጊዜ ጨውና ሙጫ ይጠራቀማሉ፤ ባክቴሪያዎችም በሙቁ ውሃ ተራብተው አተላ ይሠራሉ። ቢሆንም ወደ ቀድሞው ልማድ መመለስ ጉዳቱን በወንዙ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ማሸከም ስለሆነ መፍትሔ አይባልም።

መድኃኒቱ ከመነሻው መጠንቀቅ ነው። እንጨቱ ከመፈጨቱ በፊት ተከምሮ ቢቆይ ሙጫው ይቀንሳል። ታልክ የሚባለው የለስላሳ ድንጋይ ዱቄት ሙጫውን በላዩ ይሰበስባል። ሙጫውን ከቃጫው ጋራ አያይዘው ከውሃው የሚያስወጡ ኬሚካሎችም አሉ፤ ነገር ግን መጠናቸው ቢያልፍ እነርሱው ዝቃጭ ያመጣሉ። በጃፓን አገር ደግሞ ከ1990 ገደማ ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ቅባትን የሚፈታ ሊፓዝ የተባለ ኤንዛይም በሥራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ ፖስታ የሚያሽግ ጸሐፊና መጽሐፍ የሚጠርዝ ሠራተኛ የሚመርጡት ማጣበቂያ፤ ነገ በሚሠራው ወረቀት ላይ ይታያል። ከውሃ ውስጥ ሙጫን ከመልቀም ሙጫው እንዳይገባ ማድረግ ይቀላልና፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህም ሥራ ይስማማል።