ሸክላ ለመስማት፣ መጀመሪያ መርፌው

ሰሞኑን ከንፋስ መውጫ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፡፡ «የአባቴ ሸክላዎች ከሣጥን ውስጥ ተገኙ፤ በትንሽ ብር እንዴት ላዳምጣቸው?» የሚል ነው፡፡ ጥያቄው የመዝናኛ ይመስላል፤ እኔ ግን የንብረትም የታሪክም ጥያቄ አድርጌ ነው የማየው፡፡ መልሴ አጭር ነው፡፡ ያለችዎትን ጥቂት ብር ከሁሉ በፊት መርፌው ላይ ያውሉ፡፡

ምክንያቱን ለመረዳት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል፡፡ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ያንን ብቸኛ መብት ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች አሳተመ፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ሕግ መተላለፍን አያወድስም፤ ነገር ግን ያ ድፍረት ባይኖር ዛሬ ብዙ የምንሰማው ባልኖረን ነበር፡፡ አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ፡፡ ካይፋና ፊሊፕስም ነበሩ፡፡ ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ወጣ፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው፡፡

ከእነዚህ ዘፈኖች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ አገር በታተመው «ኢትዮፒክስ» በሲዲ ተመልሰዋል፡፡ ሁሉም ግን አልተመለሱም፡፡ እርስዎ ቤት ያለው ሸክላ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲገባ ብዙ ቤት ተዘርፏል፡፡ ሰው በተጎዳበት ነገር ስለ ሸክላ ማውራቴ እንዳያስነቅፈኝ እንጂ፣ በአንድ ሣጥን ብቻ የተቀመጠ ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል ያኔ አይተናል፡፡

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ፡፡ መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ እየሄደ ድምፁን ያነባል፡፡ ያረጀ ወይም የከበደ መርፌ ግን ያነበበውን እየፋቀ ነው የሚሄደው፡፡ ሻንጣ መስለው በርካሽ ከሚሸጡት ማጫወቻዎች መካከል አምስት ግራምና ከዚያ በላይ የሚጫኑ አሉ፡፡ ለደህና ማግኔታዊ መርፌ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ግራም ይበቃዋል፡፡ ስለዚህ አሮጌ ማጫወቻ ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፡፡ የክንዱ ክብደት ይስተካከላል? መርፌው ይቀየራል? ያው ዓይነት መርፌ ዛሬም ይገኛል? ሦስቱም ከተሟሉ የላላ ቺንጋ አያስደንግጥዎ፤ እሱ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር ነው፡፡

ብዙዎቻችን ዕቃ የሚልክልን ዘመድ አሜሪካ አለን፡፡ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ የእነሱ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፡፡ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፡፡ ፍጥነቱን ከኸርዙ የሚወስድ አሮጌ ማጫወቻ ከሆነ በደቂቃ 33 ዙር መዞር ሲገባው 28 ገደማ ይዞራል፡፡ ጥላሁን ገሠሠም እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል፡፡ በአዳፕተር የሚሠራውን፣ አዳፕተሩም ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበትን ያስልኩ፡፡

ማግኔታዊ መርፌ የሚያወጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ «ፎኖ» የሚባል ቅድመ ማጉያ ይፈልጋል፡፡ ዛሬ ብዙ ማጫወቻዎች ውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፡፡ እንዲህ ከሆነ ቤት ያለው ቴፕ የ«ኦክስ» ቀዳዳ ካለው ይበቃል፤ አዲስ ስፒከር የግድ አይደለም፡፡

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ አቧራውን ይዞ ይመጣል፡፡ ሸክላውን ከማጫወትዎ በፊት በተጣራ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቦዩን ተከትለው በክብ ይጥረጉት፡፡ መሃል ያለው ወረቀት አይርጠብ፡፡ ሲያስቀምጡ እንደ መጽሐፍ ያቁሙት፤ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት፡፡ ትንንሾቹ በ45 ዙር ይሄዳሉ፡፡ እንደ ገል የሚሰበሩት የጥንቶቹ የ78 ዙር ሸክላዎች ግን ሌላ ሰፊ መርፌ ይፈልጋሉ፤ አልኮልም ያሟሟቸዋልና አይንካቸው፡፡

ሣጥን ያልወረሰ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፡፡ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው «ቼ በለው» በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሸክላ እንደገና ታትሟል፡፡ እንዲህ ዓይነቱ አዲስ እትም ለጀማሪ ከዋናው ይሻላል፤ ቢጫር እንኳ ሌላ አለ፡፡

የመጨረሻው ነገር ሕጉ ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለራሱ ጥቅም ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል፡፡ ስለዚህ ሸክላዎን ወደ ስልክዎ ወይም ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይችላሉ፡፡ አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ሸክላው የእርስዎ ነው፤ ዘፈኑ የባለመብቶቹ፡፡

ሸክላውን ራሱን መሸጥም መብትዎ ነው፡፡ ነገር ግን በውጭ ገበያ አንዳንዱ የኢትዮጵያ ሸክላ በመቶ ዶላሮች እንደሚሸጥ እያወቁ ይደራደሩ፡፡ ደግሞም ሳይቀዱ አይሽጡ፤ መርፌውን ሳይመረምሩም አይቅዱ፡፡