በጓሮ ያለ የበረኪና ፋብሪካ

አውስትራሊያ ውስጥ የጨው ውሃ ዋና ገንዳ በብዙ ጓሮ የሚታይ ነገር ነው። ባለቤቱ ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ቀዶ ጨዉን ገንዳው ውስጥ ይዘረግፋል፤ 50 ሺህ ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ስምንት ያህል ከረጢት ይገባል። «እኛ ቤት ክሎሪን የለም፤ የጨው ውሃ ነው» ብሎ የሚኩራራም አይጠፋም።

ክሎሪንማ አለ። ከሱቅ አልተገዛም እንጂ እዚያው ጓሮ ውስጥ እየተመረተ ነው።

ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ይለያያል። ክሎራይድ አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን የያዘ ክሎሪን ነው፤ ያን ይዞ እስከተቀመጠ ድረስ ጀርም አይገድልም። ኤሌክትሮኑን የሚነጥቀው መሣሪያ የሚገጠመው ከፓምፑና ከማጣሪያው ቀጥሎ፣ ውሃው ወደ ገንዳው በሚመለስበት ቧንቧ ላይ ነው። ውስጡ የተደረደሩ ስስ የቲታኒየም ሰሌዳዎች አሉ፤ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይደርሳቸዋል። በፖዘቲቩ ሰሌዳ ላይ ክሎራይዱ ክሎሪን ይሆንና ወዲያው ከውሃው ጋር ተዋህዶ ጀርም ገዳዩን ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሰጣል። በኔጌቲቩ በኩል ደግሞ ውሃው ራሱ እየተሰበረ ሃይድሮጅን በጥቃቅን አረፋ ይወጣል። በበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የዚሁ ኬሚካል የቅርብ ዘመድ ነው።

ጨዉ ግን አያልቅም። ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ ወይም ፀሐይ ስትሰብረው ተመልሶ ክሎራይድ ይሆናል፤ እንደገናም በሰሌዳዎቹ መካከል ያልፋል። በትነትም አይቀንስም፤ የሚጎድለው ውሃው ሲረጭ፣ ገንዳው ሲያፈስ ወይም ማጣሪያው ሲታጠብ ነው። መጠኑም ቢሆን ትንሽ ነው፤ በሊትር ከ3 እስከ 6 ግራም። የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ይይዛል፣ የሰው እንባ እንኳ ወደ 9 ግራም ይጠጋል።

ውዱ ነገር ሰሌዳው ነው። ባዶ ቲታኒየም በፖዘቲቭ በኩል ሲሠራ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ስለዚህ በሩቴኒየም ወይም በኢሪዲየም ኦክሳይድ ይለበጣል። ልባጡ በጥቂት ዓመታት ያልቃል፣ ያኔ ሰሌዳውን መለወጥ ግድ ነው። በኔጌቲቩ ላይ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ይይዛል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መፍትሔያቸው ብልኃት ያለበት ነው፦ በየጥቂት ሰዓቱ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ያቀያይራሉ፤ ቅርፊቱም ይረግፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የውሃው ፒኤች ቀስ እያለ ስለሚጨምር ባለቤቱ በየጊዜው አሲድ ማከል አይቀርለትም።

ቀልድ የማያውቀው ክፍል የውሃ ፍሰት መቆጣጠሪያው ነው። ፓምፑ ቆሞ ኤሌክትሪኩ ቢቀጥል ሃይድሮጅኑ መሄጃ አጥቶ ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ፍሰቱ ሲቋረጥ መሣሪያው ራሱን የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚያቆመው ነገር አለ፤ ብርድ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፣ ብዙ መሣሪያዎችም ሰሌዳቸው እንዳይጎዳ ሥራ ያቆማሉ። እናም በሜልበርን ክረምት «እኛ ቤት ክሎሪን የለም» ባዩ ሰው ክሎሪን ሊገዛ ሱቅ ይሄዳል።